በ1421 መርከቦቹ የት ሄዱ?

ባለፈው እሁድ ቡና እየጠጣን የወንድሜ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣና "አክስቴ፣ አሜሪካን ያገኙት ቻይናዎች ናቸው አይደል?" አለኝ። ስምንተኛ ክፍል ነው፣ ታሪክ ይወዳል፣ የሰማውን ነገር ሳይጠይቅ አያድርም። ያየውን ቪዲዮ ከፍቶ አሳየኝ። ትልቅ የቻይና መርከብ በኮምፒውተር ተሰርቶ ማዕበሉን እየሰነጠቀ ይሄዳል፣ ከጎኑ የኮሎምበስ መርከብ እንደ ታንኳ ትንሽዬ ሆና ትታያለች፣ ከዛ የሚተርከው ሰው በ1421 ቻይናዎች አሜሪካንም አውስትራሊያንም አንታርክቲካንም ሳይቀር እንዳገኙ፣ ካርታቸው አውሮፓ ገብቶ ኮሎምበስ መንገዱን አስቀድሞ አውቆ እንደሄደ ያወራል። (እዚህ ጽሁፍ ላይ ያሉት አመተ ምህረቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።)

ልጁን "ውሸት ነው" ብዬ ዝም ማሰኘት አልፈለግኩም። ስለ መርከቦቹ ያየው ነገር እኮ ከግማሽ በላይ እውነት ነው። እኔም በመጀመሪያ ስለነዚህ መርከቦች ያወቅኩት እንደሱ ከተጋነነው ወሬ ተነስቼ ነው፣ ከዛ ወዲህ ለአመታት ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ቆይቻለሁ፣ ስለዚህ ለሱ የነገርኩትን ትንሽ ሰፋ አድርጌ እዚህም ልጻፈው አልኩ።

እነዚህን የቻይና መርከቦች የመራው ሰው ዜንግ ሄ ይባላል። ሲወለድ ስሙ ማ ሄ ነበር፣ በ1371 ዩናን በሚባለው የደቡብ ምዕራብ ቻይና አገር ከሙስሊም ቤተሰብ ነው የተወለደው፣ አባቱም አያቱም ሐጂ ይባሉ ነበር። አስር አመት ገደማ ሲሆነው የሚንግ ስርወ መንግስት ጦር ዩናንን ያዘና ልጁን ማርከው ሰለቡት፣ ጃንደረባ አድርገው ዡ ዲ ለሚባለው ልኡል ሰጡት። ይሄን ቦታ ሳነብ ሁሌ ትንሽ ቆም እላለሁ፣ ከእናቱ እቅፍ የተነጠቀ ልጅ ነው እኮ። ያ ልኡል በ1402 የወንድሙን ልጅ ከዙፋን አውርዶ ዮንግሌ ተብሎ ሲነግስ ጃንደረባው አብሮት በጦር ሜዳ ያደገ የቅርብ ሰው ሆኖ ነበር፣ ዜንግ የሚለውን ስም የሰጠውም ንጉሱ ነው። በ1405 ደግሞ መርከቦቹን ሁሉ አስረክቦት ወደ ምዕራብ ውቅያኖስ ሂድ አለው።

የመጀመሪያው ጉዞ ላይ ከ300 በላይ መርከብና ወደ 27,800 ሰው ነበር። ይሄን ቁጥር ደግማችሁ አንብቡት። ኮሎምበስ በ1492 ሲነሳ ሶስት መርከብና ዘጠና ገደማ ሰው ነበረው፣ ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ህንድ ካሊከት የደረሰው በጣት በሚቆጠሩ መርከቦች ነው፣ ያውም የዜንግ ሄ ሰዎች ካሊከትን ከዘጠና አመት በፊት እንደ ሰፈራቸው ያውቋት ነበር። ወታደር፣ ሐኪም፣ አስተርጓሚ፣ አናጢ፣ ኮከብ ቆጣሪ፣ ምግብ አብሳይ፣ ሁሉም አለ። አንድ ከተማ ተነቅሎ ባህር ላይ ወጣ በሉት።

የመርከቦቹ ስፋት ላይ ግን ምሁራኑ እስካሁን ይከራከራሉ። ባኦቹዋን ይሏቸዋል፣ ውድ እቃ የሚጫንባቸው መርከቦች እንደማለት ነው፣ የሚንግ ታሪክ መዝገብ ትልልቆቹን 44 ዣንግ ርዝመት 18 ዣንግ ወርድ ይላቸዋል፣ ይሄ በሜትር ሲሰላ ከ120 ሜትር በላይ ይሆናል። እንጨት ብቻ የሆነ መርከብ በዛ ርዝመት ማዕበል ሲያገኘው መሃሉ ይለምጣል፣ መገጣጠሚያው ይከፈታል፣ ስለዚህ ብዙዎች እውነተኛው መጠን ከ60 እስከ 70 ሜትር ነው የሚሆነው ይላሉ። በሌላ በኩል በ1962 ናንጂንግ ውስጥ ከድሮው የመርከብ መስሪያ ቦታ ወደ 11 ሜትር የሚረዝም የመርከብ መሪ ዘንግ ተቆፍሮ ወጥቷል፣ እና ትልቅ እንደነበሩ ጥርጥር የለውም። 60 ሜትር ቢሆን እንኳን ኮሎምበስ የተሳፈረባትን ከእጥፍ በላይ ይበልጣል።

አሁን ዋናው ነገር፣ እነዚህ ሰዎች አዲስ አህጉር ሊፈልጉ አልነበረም የወጡት። ይሄን ካልያዝን ሌላው ሁሉ ይምታታብናል። በ1405 እና በ1433 መሃል ሰባት ጊዜ ወጥተዋል፣ ሰባቱንም ጊዜ የሄዱት የአረብ፣ የህንድ፣ የፋርስና የቻይና ነጋዴ ለብዙ መቶ አመታት በሚያውቀው መንገድ ነው፦ ቬትናም፣ ጃቫ፣ ማላካ፣ ስሪላንካ፣ ካሊከት፣ ሆርሙዝ፣ ኤደን፣ ሞቃዲሾ፣ ባራዌ፣ ማሊንዲ። አላማው ንጉሱ ህጋዊ ወራሽ መሆኑን አለም እንዲያውቅለት፣ የየአገሩ ንጉስ ስጦታ ይዞ መልእክተኛ እንዲልክለት ነው። ለዚህ ደግሞ ሰው የሚኖርበት፣ ንጉስ ያለበት፣ ገበያ ያለበት ወደብ ነው የሚያስፈልገው እንጂ ባዶ ውቅያኖስ አይደለም።

መንገዱን የሚወስነው ነፋሱም ነው። በብርድ ወራታቸው ከሰሜን ምስራቅ የሚነፍሰው ሞንሱን የሚባለው ነፋስ ከቻይና ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ይገፋል፣ በሙቀት ወራታቸው ደግሞ ነፋሱ ዞሮ ወደ አገር ይመልሳል፣ ስለዚህ ፉጂያን አውራጃ ቻንግሌ ላይ ቆመው ነፋስ ይጠብቃሉ፣ ከዛ ማላካ ላይ አጥር ያለው መጋዘን ሰርተው ነበርና ሲመለሱ ከየአቅጣጫው የመጡት መርከቦች እዛ ተሰብስበው እቃቸውን አዘጋጅተው ነፋሱ እስኪዞር ይቆያሉ። ይሄን የጻፈልን ማ ሁዋን የሚባል አብሮ የተጓዘ አስተርጓሚ ነው። ኮምፓስ ነበራቸው፣ ሰአት የሚለኩት በሚነድ እጣን ነው፣ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደሄዱ ለማወቅ የሰሜን ኮከብን ከፍታ በጣት ስፋት ይለኩ ነበር። ይሄን የመሰለ እውቀት ያለው ሰው የሄደበትን ያውቃል።

እኛ ጋ ያለውን ምልክት ልንገራችሁ። ቡና የምንጠጣበት ሲኒ፣ ቃሉ ከአረብኛ የመጣ ነው፣ ትርጉሙ ቻይናዊ ማለት ነው። የቻይና ሸክላ በአረብ ነጋዴ በኩል ወደ ቀይ ባህርና ወደ ምስራቅ አፍሪካ ጠረፍ መምጣት የጀመረው ከዜንግ ሄ ብዙ መቶ አመት በፊት ነው፣ ከሶማሊያ እስከ ታንዛኒያ ድረስ የድሮ የጠረፍ ከተሞች ሲቆፈሩ ስብርባሪው ይወጣል። ኬንያ ማንዳ ደሴት ላይ ደግሞ የዮንግሌ ስም የተጻፈበት መሃሉ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው የመዳብ ሳንቲም ተገኝቶ በ2013 ይፋ ሆኗል። ሰው በእውነት የሄደበት ቦታ እንዲህ አይነት ነገር ትቶ ነው የሚሄደው።

ፍቅርና ስጦታ ብቻ እንደነበረ አድርገው የሚያወሩም አሉ፣ እሱም ልክ አይደለም። በ1407 ሲመለሱ ሱማትራ ፓሌምባንግ ላይ ቼን ዙዪ የሚባለውን የባህር ወንበዴ ይዘው ናንጂንግ ወስደው ገድለውታል፣ መዝገቡ ወደ 5000 ወንበዴ እንደሞተ ይናገራል። ስሪላንካ ላይም ተዋግተው የአካባቢውን ገዢ ከነቤተሰቡ ማርከው ወደ ቻይና ወስደዋል። ደግሞ እዛው ስሪላንካ ጋል ከተማ የተገኘ በ1409 የተጻፈ ድንጋይ አለ፣ በቻይንኛ፣ በታሚልና በፋርስ የተጻፈ፣ ቻይንኛው ለቡድሃ፣ ታሚሉ ለቪሽኑ፣ ፋርሱ ለአላህ የቀረበውን ስጦታ ይዘረዝራል፣ ወርቁ ብሩ ሐሩ ዘይቱ ሁሉ ተቆጥሮ። ለሶስት ሃይማኖት በሶስት ቋንቋ አንድ ድንጋይ ላይ! ያዘዘው ደግሞ የሐጂ ልጅ የሆነ ጃንደረባ ነው። ዛሬ ኮሎምቦ ሙዚየም ውስጥ ነው ያለው፣ እግዜር ቢፈቅድ አንድ ቀን ሄጄ በአይኔ ማየት እፈልጋለሁ።

ቀጭኔዋንም ልጁ በጣም ወደዳት። በ1414 የቤንጋል ሱልጣን ለዮንግሌ ቀጭኔ ላከለት፣ በአመቱ ከማሊንዲ ሌላ መጣ። ቻይናዎች ቺሊን የሚሉት ደግ ንጉስ ሲነግስ ብቻ የሚታይ የተረት እንስሳ ነበራቸው፣ ቀጭኔውን ሲያዩ ይሄማ እሱ ነው አሉ። በሶማሊኛ ቀጭኔ ገሪ ስለሚባል የድምጹ መመሳሰል ረድቶ ይሆናል የሚሉ አሉ። ሰው ገመዱን ይዞ ቀጭኔዋ ከላዩ ቆማ የሚያሳየው የዛ ዘመን ስእል እስካሁን አለ፣ ሳየው ያ እንስሳ ከኛ ጎረቤት ተነስቶ ያን ሁሉ ወር መርከብ ላይ እንዴት ቆሞ ሄደ እላለሁ።

ወደ 1421 ልመለስ። ይሄን ወሬ አለም ላይ የበተነው ጋቪን ሜንዚስ የሚባል የእንግሊዝ ባህር ሃይል የሰርጓጅ መርከብ መኮንን የነበረ ሰው ነው፣ በ2002 ባወጣው መጽሐፍ። መጽሐፉ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ በጣም ተሸጠ። እንደሱ አባባል በስድስተኛው ጉዞ ላይ የዜንግ ሄ ምክትሎች ሆንግ ባኦ፣ ዡ ማን፣ ዡ ዌን ተለያይተው አንዱ ወደ አንታርክቲካ፣ አንዱ ወደ አውስትራሊያና ወደ አሜሪካ ምእራብ ጠረፍ፣ አንዱ ወደ ሰሜን አትላንቲክ ሄዱ፣ በሁለት አመት አለምን ዞሩ፣ ከዛ መዝገቡ ስለተቃጠለ አለም ረሳቸው። ሜንዚስ ቻይንኛ አያነብም ነበር። በ2004 ሮበርት ፊንሌይ የሚባል የታሪክ ምሁር በአለም ታሪክ ጆርናል ላይ ረጅም መልስ ጽፎ ማስረጃ የተባለውን እያነሳ አንድ በአንድ አፈረሰው፣ ያንን መልስ ያነበበው ግን መጽሐፉን ከገዛው ጋር ሲነጻጸር እፍኝ አይሞላም።

እኔን ያሳመነኝ ግን የፊንሌይ ጽሁፍ አይደለም፣ ድንጋዩ ነው። በ1431 ለሰባተኛው ጉዞ ነፋስ ሲጠብቁ ዜንግ ሄና ጓደኞቹ ቻንግሌ ላይ ቲያንፌይ ለምትባለው የባህር አምላካቸው ምስጋና ድንጋይ አስቀርጸው አቆሙ። ድንጋዩ ላይ የየጉዞውን ታሪክ ተራ በተራ ጻፉ። በ1417 የወጡበትን ሲያነሱ ሆርሙዝ አንበሳና ነብር ትልልቅ ፈረስም ሰጠች፣ ኤደን ቀጭኔና ቀንዱ ረጅም እንስሳ፣ ሞቃዲሾ የሜዳ አህያና አንበሳ፣ ባራዌ ግመልና ሰጎን ይላሉ። እንስሳ ሳይቀር ቆጥረው! ከዛ 1421 ጋ ሲደርሱ ምን አሉ መሰላችሁ? ቤተ መንግስት ብዙ ጊዜ የቆዩትን የሆርሙዝና የሌሎች አገሮች መልእክተኞች ወደየአገራቸው መለስን፣ ነገስታቱም ከበፊቱ የበለጠ ስጦታ አዘጋጁ። በቃ ይሄው ነው። እንግዳ መሸኘት ነበር ስራው።

ድንጋዩን ካቆሙት ሰዎች ስም ዝርዝር ውስጥ ደግሞ ሁለት ስም አለ፣ ዡ ማንና ሆንግ ባኦ። እነዚያው አሜሪካና አንታርክቲካ ደረሱ የተባሉት ሰዎች! ከጉዞው አስር አመት በኋላ በህይወት አሉ፣ አምላካቸው ፊት ቆመው ያየንላትን ውለታ እንመስክር ብለው በስማቸው ያስጻፉት ድንጋይ ነው፣ ሰጎን ያልረሱ ሰዎች ናቸው፣ ሁለት አህጉር አግኝተው ቢሆን እንዴት ዝም ይላሉ? በ2010 ደግሞ ናንጂንግ ውስጥ የሆንግ ባኦ መቃብር ተገኘ፣ የህይወት ታሪኩ የተቀረጸበት ድንጋይም አብሮ። የተሳፈረበት መርከብ 5000 ሊያኦ (የመርከብ መጠን መለኪያ ነው) የሚባል ትልቅ መርከብ እንደነበር ይናገራል፣ ለመርከብ መጠኑ ክርክር ትልቅ ነገር ነው፣ አንታርክቲካ ግን የለም።

ሌላው ማስረጃ የተባለው ካርታ ነው። በ2006 ሊዩ ጋንግ የሚባል ጠበቃና እቃ ሰብሳቢ ሻንጋይ የገዛሁት ነው ብሎ አንድ ካርታ አሳየ፣ ካርታው ላይ በ1763 ከ1418 ካርታ የተገለበጠ ነው የሚል ጽሁፍ አለ፣ አሜሪካም አውስትራሊያም ይታያሉ። ችግሩ ካሊፎርኒያ በውሃ የተከበበች ደሴት ሆና ነው የተሳለችው። ካሊፎርኒያ ደሴት ናት የሚለው የአውሮፓ ካርታ ሰሪዎች ስህተት ነው፣ በተለይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በየካርታው ላይ የተዛመተ። ፈተና ላይ ሁለት ልጆች አንድ አይነት ስህተት ከሰሩ መምህሩ ማን ከማን እንደኮረጀ ያውቃል አይደል፣ ይሄም እንደዛ ነው። አለምን በሁለት ክብ ከፍሎ መሳሉም የአውሮፓ ዘዴ ነው።

ከሁሉም ልቤን የነካኝ ግን የፍራ ማውሮ ካርታ ነው። ይሄ የቬኒስ መነኩሴ በ1459 አካባቢ የጨረሰው ትልቅ ክብ የአለም ካርታ ነው፣ ደቡብን ወደ ላይ አድርጎ የተሳለ፣ አሁንም ቬኒስ ነው ያለው። ሜንዚስ ከሚጠቅሳቸው አንዱ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ካርታው ላይ በ1420 ገደማ አንድ ከህንድ ባህር የመጣ መርከብ በአፍሪካ ጫፍ በኩል አልፎ ሄደ የሚል ጽሁፍ አለ። ጽሁፉ እስከ መጨረሻው ሲነበብ ግን መርከቡ አርባ ቀን ወደ ምእራብ ሄዶ ከአየርና ከውሃ በቀር ምንም አላገኘም፣ ሰባ ቀን ፈጅቶ ተመለሰ ነው የሚለው። ምንም አላገኘንም የሚል ምስክር ጠርቶ አህጉር አገኙ ማለት አይከብድም?

ያው ካርታ ላይ ደግሞ አገራችን አለች። ፍራ ማውሮ የኢትዮጵያን ክፍል የሰራው ከዛ ከመጡ መነኮሳት ጠይቆ እንደሆነ ራሱ ጽፏል፣ አውራጃውንና ወንዙን በእጃቸው ስለውልኝ ነው ይላል። አባይ፣ ተከዜ፣ አዋሽ አሉበት። የመነኮሳቱን ስም አናውቅም፣ እነሱ ግን የሚያውቁትን አገር በሚያውቁት ልክ ነገሩት፣ እሱም ከማን እንደሰማው ጻፈ። ይሄን ካወቅኩ ጀምሮ ሰው ያንን ካርታ ላላለው ነገር ምስክር ሲያደርገው የዘመድ ቃል የተጣመመ ያህል ይሰማኛል።

የቻይና አሜሪካ ወሬ ከሜንዚስም ይቀድማል። በ499 ሁዊ ሼን የሚባል የቡድሃ መነኩሴ በስተምስራቅ በጣም ሩቅ ፉሳንግ የሚባል አገር አለ ብሎ ተናገረ፣ በ1761 ደ ጊኝ የሚባል ፈረንሳዊ ምሁር ይሄ አሜሪካ መሆን አለበት አለ። የመነኩሴው ታሪክ ውስጥ ግን ፈረስና ጋሪ አለ፣ አሜሪካ ደግሞ ስፓኞች እስኪያመጡ ድረስ ፈረስ ከጠፋ ብዙ ሺ አመት ሆኖት ነበር። በ1975 ደግሞ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ከባህር ስር መሃላቸው የተበሳ ድንጋዮች ወጡና የጥንት የቻይና መልህቅ ተባሉ፣ ድንጋዩ ሲመረመር እዛው ካሊፎርኒያ ያለ ድንጋይ ሆነ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዛ ይኖሩ የነበሩ ቻይናውያን አሳ አጥማጆች እንደተጠቀሙበት ይታመናል። እነዛን አሳ አጥማጆች ማን ያስታውሳቸዋል? በባእድ አገር ድንጋይ በስተው መረብ ጥለው ኖረዋል እኮ።

ወሬው እንዲያድግ ያደረገው ጉዞው ድንገት መቆሙ ነው። ዮንግሌ ቤይጂንግን አዲስ ዋና ከተማ አድርጎ እየገነባ፣ ቬትናም ላይ እየተዋጋ፣ ሞንጎሎቹን በሰሜን እያሳደደ ነበር፣ ሁሉም ገንዘብ ይበላል። በ1421 አዲሱ ቤተ መንግስት በተመረቀ በወራት ውስጥ መብረቅ ወርዶ ትልልቆቹ አዳራሾች ተቃጠሉ፣ ሰዉ የሰማይ ቁጣ ነው አለ፣ ሹማምንቱም ወጪው በዛ ማለት ጀመሩ። ዮንግሌ በ1424 ሲሞት ልጁ ሆንግሺ እንደነገሰ ጉዞው ይቁም አለ፣ የልጅ ልጁ ሹዋንደ አንድ የመጨረሻ ጊዜ ላካቸውና በ1433 አበቃ። ከአርባ አመት በኋላ ሊዩ ዳሺያ የሚባል ሹም መዝገቡን ሰው እንዳያገኘው አደረገ ይባላል። መዝገብ የጠፋበት ቦታ ላይ ደግሞ ሰው የፈለገውን ይተክላል። በ2003 የቻይናው ፕሬዚዳንት ሁ ጂንታዎ የአውስትራሊያ ፓርላማ ፊት ቆመው የሚንግ መርከቦች በ1420ዎቹ አውስትራሊያ ጠረፍ ደርሰዋል ብለው ተናግረዋል፣ ወሬ እንደዛ ነው ወደ ንግግር ወደ ዲፕሎማሲ የሚገባው።

እኔን የሚቆጨኝ አውሮፓ ብቻዋን አለምን አገኘች የሚለውን ትረካ ለመስበር ሲባል ሌላ የማይቆም ነገር መስራታችን ነው። ዜንግ ሄን ትልቅ ለማድረግ ኮሎምበስ የሄደበት ቦታ ልንልከው አይገባም። የህንድ ውቅያኖስን ያህል ባህር በብዙ ሺ ሰው ደጋግሞ ተሻግሮ ኮሎምበስ ሳይወለድ ሞቃዲሾ የደረሰ ሰው እኮ ነው። የቻንግሌው ድንጋይ ላይ ከ100 ሺ ሊ (የቻይና የርቀት መለኪያ ነው) በላይ ውሃ እንደተጓዙ፣ ማዕበሉ እንደ ተራራ ሲነሳባቸው የአምላካቸውን ስም እንደጠሩና ምሰሶው ጫፍ ላይ ብርሃን እንዳዩ ይናገራሉ።

ለልጁ የስልኬን ካርታ ከፈትኩለት። ከናንጂንግ ጀምሬ ወደ ታች፣ ቬትናምን ይዤ፣ ማላካን አልፌ፣ ስሪላንካን ዞሬ፣ ካሊከት፣ ሆርሙዝ፣ ኤደን እያልኩ በጣቴ ወሰድኩት። ሞቃዲሾ ጋ ስደርስ ጣቴን ያዘኝና "እዚህ ድረስ መጥተው ነበር እንዴ? እኛ አጠገብ?" አለ። አዎ አልኩት። ከዛ ቀጭኔዋ ስንት ቀን እንደፈጀባት ጠየቀኝ።